ሹራብ፣ እንዝርትና ሱፍ ድክ ድክ ከሚል ልጅ ጋር

ድክ ድክ የሚል ልጅ ካለ ረጅም የሥራ ሰዓት አይገኝም፤ ስለዚህ መሃል ላይ ቢቋረጥ የማይበላሽ ሥራ ምረጡ። የሹራብ ሥራ ከሆነ ረድፉ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ሻርፕ ይሻላል። ልጁ ሲጠራችሁ ረድፉን ጨርሳችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ጥለት ያለውን፣ መቁጠር የሚፈልገውን ልጁ ሲተኛ ሥሩት።

ለመፍተል እኔ እንዝርት እመርጣለሁ፤ በፈለጋችሁበት ሰዓት ጠቅልላችሁ ታቆማላችሁ። የሱፍ ማበጠሪያው ግን ጥርሱ ሽቦ ስለሆነ ከልጅ አርቁት።

አብራችሁ የምትሠሩት ደስ የሚለው የሱፍ ኳስ ነው። ያልተፈተለ የበግ ሱፍ (ሰው ሠራሹ አይሆንም) በስሱ እየደራረባችሁ አድቦልቡሉት፣ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አርጥባችሁ መዳፍ ላይ አንከባሉት፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ጠጠር ሲል ጫን እያላችሁ። የሱፍ ፀጉር ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት፤ ሲረጥብና ሲታሽ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ለዚህ ነው ኳሱ እያነሰ የሚጠነክረው። ልጄ አረፋውን ብቻ ሲጨምቅ ይውላል፣ እሱም በቂ ነው። አፍ ውስጥ እንዳይገባ ኳሱን ከልጁ ጡጫ ተለቅ አድርጉት። ያለ ውሃ፣ ሱፉ በመርፌ እየተወጋ የሚሠራውን ኳስ ግን ልጅ አጠገብ በፍጹም አትሞክሩ፤ መርፌው ስለታም ነው፣ ቶሎም ይሰበራል።