መጥፎ ዜና ሲነገርዎ ቀልብዎን የሚሰበስቡበት መንገድ

ኃላፊ ቀልቡን መሰብሰብ አብዝቶ የሚያስፈልገው አንድ ሠራተኛ በር አንኳኩቶ «ሪፖርቱ ለነገ አይደርስም» ሲለው ነው። ያኔ ፊትዎ ላይ ያነበበው ነገር ቀጣዩን ችግር ቶሎ እንዲነግርዎ ወይም እንዲደብቅዎ ያደርገዋል። ልምምዱን ከዚህ እንዲጀምሩ የምመክረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰውነትዎን ይወቁ። ቁጣ ከቃል በፊት በሰውነት ላይ ይታያል። እኔ መንገጭላዬ ይጠብቃል፤ የያዝኩትንም እስክሪብቶ ጭምቅ አደርጋለሁ። የእርስዎ ምልክት የጆሮ መጋል ወይም የሰው ንግግር ማቋረጥ ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ቀናት ከየስብሰባው በኋላ ማስታወሻዎ ላይ አንድ መስመር ያስፍሩ፤ ማን ምን ሲል ሰውነትዎ ምን ሆነ? ምልክትዎ ከዚያ ተለይቶ ይወጣል።

ምልክቱ ሲመጣ ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያስወጡ። የሚወጣው ከሚገባው ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። ዐይን መጨፈን አያስፈልግም፤ ማንም አያውቅብዎትም። ቀጥሎ የተሰማዎትን ስሜት በልብዎ በስሙ ይጥሩት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በፎቶግራፍ ባዩት ፊት ላይ ያለውን ስሜት በቃል ሲሰይሙ እንደ ፍርሃት ላሉ ስሜቶች ምላሽ የሚሰጠው፣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። ስሙን ሲመርጡ ግን አይቸኩሉ። ብዙ ሰው «ንዴት» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ከንዴቱ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው «ለበላዬ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ የራስዎ መሆኑን ሲያውቁ ሠራተኛው ላይ የሚጮሁበት ምክንያት አይኖርዎትም።

አሁን ይጠይቁ፦ «ያልተጠናቀቀው የትኛው ክፍል ነው?» ሠራተኛው ተናግሮ እስኪጨርስ ይስሙት። እየሰሙ መልስ ማዘጋጀት ከጀመሩ ጆሮዎን ወደ ድምፁ ይመልሱ፤ አሥር ጊዜ ቢሸሽ አሥር ጊዜ ይመልሱት። ስልክ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳ።

ተረጋግቶ መስማት ጥፋትን ማለፍ እንዳይመስልዎ። ሥራው የዘገየው በቸልተኝነት ከሆነ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርተው፣ የሆነውን ብቻ እየጠቀሱ በግልጽ ይንገሩት። ውሳኔ የሚሻ ነገር ከሆነና መንገጭላዎ አሁንም እንደጠበቀ ከሆነ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ተገናኝተን እንወስን» ይበሉት፤ ሰዓቱ ሲደርስም ሳያስጠብቁት ራስዎ ይጥሩት።