ጅማ ላይ ያገኘነውን ቀላቅለን ስናበላ ላሟ ምን ሆነች? ችግርና መፍትሄ

ይሄን ምፅፈው ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ሶስት ላም ይዛችሁ መኖ ለምትገዙ ነው። ፉሩሽካ በተወደደ ቁጥር የቡና ገለባ፣ እንሰት፣ አቴላ፣ ዘይት ሳይቀር እንሞክራለን፣ መሞከሩን እኔም እደግፋለሁ፣ ግን ላሟ ስትታመም "ገለባው ነው የገደላት" ብለን እንደመድማለን፣ እኔ እስካየሁት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ መጠኑና እርጥበቱ ላይ ነው።

እበቷ ቀጥኖ ያብለጨልጫል፣ ድርቆሽ ትታ ትቆማለች፣ ወተትም ቀንሷል

መጀመሪያ ዘይት ጨምራችሁ እንደሆነ አስቡ። ኢንተርኔት ላይ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጡ የመኖ ቀመሮች "ፓልም" ይላሉ፣ ሰው ደግሞ ፓልም ሲባል የሚረጋው የቤት ዘይት ነው ሚመጣለት። እነሱ ሚሉት ፓልም ከርነል ኬክ ነው፣ የዘይት ዘንባባው ፍሬ አስኳል ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ ያው ፋጉሎው ማለት ነው። ጎረቤቴ በቀን ግማሽ ሊትር ዘይት ፉሩሽካ ላይ ያፈስ ነበር፣ እበቱን በእንጨት ገለጥ ሳደርገው ያልተፈጨ የሳር ጭራሮ እንዳለ ወጥቷል። 10 ኪሎ ደረቅ መኖ ለምትበላ ላም ግማሽ ሊትር ዘይት ለብቻው ወደ 4.6 በመቶ ይጠጋል፣ መኖው ውስጥ ያለው ቅባት ሲደመርበት ከ6 በመቶ ያልፋል፣ ያኔ ቅባቱ ሳሩን ይሸፍነዋል፣ ጨጓራዋ ውስጥ ሳር የሚፈጩትን ባክቴሪያዎችም ያዳክማል። መፍትሄው ዘይቱን አቁሞ ለተወሰኑ ቀናት ጥሩ ድርቆሽና ውሃ እንደልብ መስጠት ነው።

ቀመሩን ወደኛ መኖ ስትቀይሩም ተጠንቀቁ። የፓልም ኬክ ፕሮቲኑ ከ14 እስከ 18 በመቶ ገደማ ነው፣ ይሄ ከፉሩሽካ ጋር ይቀራረባል። የኑግ ፋጉሎ ወደ 30 በመቶ ስለሆነ 4 ኪሎ የፓልም ኬክ የሚል ቦታ ላይ 4 ኪሎ ፋጉሎ ብትከቱ የተረፈው ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፣ ብራችሁን ነው ምታፈሱት። የኛን ዘንባባ ቅጠል ቆርጠን እንስጥ ወይ ላላችሁኝ ደግሞ እሱ ቃጫው ብዙ ነው፣ ለሰሌን ይሁን።

ትኩሳት የላትም፣ ግን መኖ ቀንሳለች፣ ወተትም እንደዛው

ፋጉሎውን እዩት፣ ከላይ ሳይሆን ሰብራችሁ። ባለፈው ክረምት ከጆንያው ስር ያወጣሁት ቁራጭ ላዩ ጥቁርና ደረቅ ነው፣ ለሁለት ስሰብረው ግን መሀሉ አረንጓዴ አቧራ ይዞ የታፈነ ቤት ይሸታል። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ጆንያ እርጥበት ይስባል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ እሱ ደግሞ በወተት ያልፋል፣ ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም፣ ፋጉሎውን ፀሀይ ላይ ማስጣትም ሻጋታውን ቢያደርቅ እንጂ መርዙን አያወጣውም። አዲስ አበባ ዙሪያ ወተትና መኖ ሲመረመር የኑግ ፋጉሎ የዚህ መርዝ ዋነኛ ምንጭ ሆኖ ነው የተገኘው። ያ ወተት የልጆቻችን ነው፣ እባካችሁ የሻገተውን ፋጉሎ እንዳይባክን ብላችሁ ከጥሩው ጋር አትቀላቅሉት፣ ለዶሮም አትስጡት፣ ቅበሩት። ከዛ ጆንያውን እንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቃችሁ አስቀምጡ፣ በክረምት ለሁለት ሳምንት ከሚበቃ በላይ አትግዙ።

ሽንቷ በዝቷል፣ ትቅበጠበጣለች፣ መኖ አሽትታ ትመለሳለች

የቡና ገለባ በዝቷል። ካፌኑ ሽንት ያበዛል፣ ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ይመርራል፣ ፕሮቲኑንም ይይዘዋል። ከቅልቅሉ 10 በመቶ አካባቢ ላይ ቁሙ፣ እሱንም ከትንሽ ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ድረሱበት፣ ለጥጃ ጭራሽ አትስጡ። ከቡና ማጠቢያ የሚመጣው እርጥቡ ልጣጭ ደግሞ ሌላ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ወይ በደንብ አድርቁት ወይ ሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ጥቁር ሽሮፕ) ነስንሳችሁ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ረግጣችሁ ለሳምንታት አፍኑት።

ትበላለች፣ ሆዷ ሙሉ ነው፣ ግን አጥንቷ እየወጣ ነው

በበጋ እንሰት ብቻ ስትበላ ነው ይሄ። ግንዱ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ፕሮቲኑም ትንሽ። ከትፋችሁ አጠውልጉት፣ ፋጉሎ ወይ ሰስባንያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ቅጠል ጨምሩ። አጠውላጊ በሽታ የያዘውን እንሰት ግን አታብሉ፣ በሽታውን ወደ ጤነኛው ማሳ ታዛምታላችሁ።

የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል

ጠዋት ጤዛ ያለበት አልፋልፋ በልታ ከሆነ አረፋ ያለው ነፋት ነው፣ ይሄ በሰአታት ይገድላል። የእንስሳት ሀኪም እየጠራችሁ ቁማ እንድትቆይ አድርጉ። ዘይት ቦታው እዚህ ጋ ነው፣ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ቀስ እያላችሁ በአፏ አፍስሱ፣ ጭንቅላቷን ወደላይ አትለጥጡ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ቤት ያለው የሚረጋው ዘይት ብቻ ከሆነ ለብ አድርጋችሁ አቅልጡት።