600 መብራት በ2 ኪሎባይት ሜሞሪ

ለጓደኛዬ ሱቅ ጣሪያ ዙሪያውን 10 ሜትር የኤልኢዲ ስትሪፕ ዘረጋሁ። ዓይነቱ ደብሊውኤስ2812ቢ ነው፤ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ቀለም ይይዛል። በሜትር 60፣ በድምሩ 600 መብራት። የሚያዘው አርዱዊኖ ናኖ የሚባል በኮድ የሚሠራ ትንሽ ሰርኪት ቦርድ ነው። በ60 መብራት ስሞክረው ቆንጆ ሠራ። 600 ስለው ግን አንድም አልበራ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦና ፓወር ሰፕላይ ስፈትሽ ዋልኩ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ናኖ ያለው ራም (ኮዱ ሲሮጥ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) 2048 ባይት ብቻ ነው። እያንዳንዱ መብራት ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ 3 ባይት ይፈልጋል። 600 በ3 ሲባዛ 1800! ለቀረው ኮድ 248 ባይት ብቻ ተረፈ፤ አልበቃም። መብራቶቹን የሚያዘው ላይብረሪ (ሌሎች ያዘጋጁት ኮድ) ቦታ የሚጠይቀው ኮዱ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ምንም አላስጠነቀቀኝም። ይሄን ልብ በሉ፤ መሸወድ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

የምጠቀመው 16 ቀለም ብቻ ነው። እነሱን በ48 ባይት ሰንጠረዥ አስቀመጥኩ። ለእያንዳንዱ መብራት የቀለሙን ቁጥር ብቻ ያዝኩ፤ ለዚያ 4 ቢት (ግማሽ ባይት) ይበቃል። 600ውም በ300 ባይት አለቀ። እውነተኛውን ቀለም ከሰንጠረዡ የማወጣው ወደ ስትሪፑ በምልክበት ቅጽበት ነው። እዚህ ላይ ፍጥነት ወሳኝ ነው። በሁለት መብራቶች መካከል ዳታው ብዙ ከቆመ፣ ስትሪፑ መልእክቱ ያለቀ ይመስለውና እንደገና ከመጀመሪያው መብራት ይነሳል። ስለዚህ ክፍተቱን ከ5 ማይክሮ ሰከንድ በታች አወረድኩት።

ሁሉንም ለመላክ 18 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ኢንተራፕት (ኮዱን ለአፍታ አቋርጦ ሰዓቱን የሚያስቆጥር ምልክት) ስለምዘጋ የናኖው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ለሱቅ መብራት ችግር የለውም። የግድግዳ ሰዓት ለሚሠራ ግን ለብቻው የሰዓት ቺፕ ያስፈልገዋል።