ከመጨፈራችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ፦ በምድብና በጥሎ ማለፍ ስሌት የሚደጋገሙ ስህተቶች

ትልቅ የእግር ኳስ ውድድር በመጣ ቁጥር የምድብ ስሌት የኔ ሥራ ነው። ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ስንት ግብ ይፈልጋል፤ ስደምር ስቀንስ ዓመታት አለፉ። በየውድድሩ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። ጎበዞች ናቸው። የተጠባባቂ በረኛውን የልጅነት ክለብ ሳይቀር ይነግሩሃል። የምድቡ ሦስተኛ ጨዋታ ሲደርስ ግን ሁሉም በየተራ እዚያችው ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። እኔም ገብቼባታለሁ። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በግብ ልዩነት እንበልጣቸዋለን»

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ስህተት የለም። ሁለት ቡድኖች ነጥባቸው እኩል ሲሆን የሁሉም ዓይን በቀጥታ የሚሄደው ወደ ግብ ልዩነት (ካገቡት ላይ የገባባቸው ሲቀነስ) ነው። ለምን? ሠንጠረዡ ላይ ከነጥቡ አጠገብ ተጽፎ ስለሚታይ። ሠንጠረዥ ግን ደንብ አይደለም። ደንቡ ሌላ ወረቀት ላይ ነው ያለው፤ ያንን ወረቀት ደግሞ የሚከፍተው ሰው የለም።

የአፍሪካ ዋንጫና የአውሮፓ ዋንጫ መጀመሪያ የሚያዩት እኩል የሆኑት ቡድኖች እርስ በርስ ሲገናኙ ያስመዘገቡትን ውጤት ነው። የዓለም ዋንጫ ለረጅም ጊዜ በግብ ልዩነት ሲጀምር ኖሮ፣ ለ2026 እሱም ወደ እርስ በርስ ውጤት ዞሯል። ስለዚህ «ባለፈው ጊዜ እንዲህ ነበር» የሚባል መከራከሪያ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ውድድር፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ደንቡን ከፍታችሁ ማየት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አምስቱን ደቂቃ ያጣ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። ኦክቶበር 8 ቀን 2011፣ ኔልስፕሩት። ለ2012 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ደቡብ አፍሪካ በሜዳዋ ከሴራሊዮን ጋር 0 ለ 0 ወጣች። በዚያው ቀን ኒጀር በግብፅ 3 ለ 0 ተሸንፋለች። ፊሽካው ሲነፋ የደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ጨፈሩ። አለፍን ብለው ስታዲየሙን ዞሩ። አላለፉም ነበር።

ብዕር አንሱና አብረን እንሥራው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኒጀርና ሴራሊዮን ሦስቱም 9 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ግብፅ በ5 ነጥብ መጨረሻ ሆነች። በግብ ልዩነት ከሄድን ደቡብ አፍሪካ ሁለት ትርፍ አላት፣ ሴራሊዮን ዜሮ ናት፣ ኒጀር ደግሞ ሁለት የግብ ዕዳ ተሸክማለች። እስከዚህ ድረስ ጭፈራው ትክክል ይመስላል።

አሁን ግብፅን ከሠንጠረዡ አውጧት። ሦስቱ እርስ በርስ ያደረጉትን ብቻ ጻፉ። ደቡብ አፍሪካ ኒጀርን 2 ለ 0 አሸንፋለች፣ በመልሱ 2 ለ 1 ተሸንፋለች፣ ከሴራሊዮን ጋር ሁለቴም 0 ለ 0 ተለያይታለች። 5 ነጥብ። ሴራሊዮን ኒጀርን አንዴ አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካ ሁለቴ አቻ ወጥታለች። እሷም 5። ኒጀር ሁለቱንም አንድ አንድ ጊዜ አሸንፋለች። 6 ነጥብ። በቃ፣ ኒጀር አለፈች። ባለ ሁለት የግብ ዕዳዋ ኒጀር።

ጉዱ ገና ነው። እኩል የሆኑት ደቡብ አፍሪካና ኒጀር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የምታልፈው ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ በሁለቱ ጨዋታ ድምር 3 ለ 2 ትበልጣለች። ሴራሊዮንን 9 ነጥብ ላይ አድርሶ ሒሳቡን የገለበጠው ያ የጨፈሩበት አቻ ነው። አንዲት ግብ ቢያገቡ ይህ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር። ይኼ ምድብ ሲነሳ አሁንም ያመኛል፤ ደጋፊ እንኳን ሳልሆን።

ስለዚህ ሦስት ቡድን እኩል ሲሆን ሁለት ሁለቱን ለየብቻ አታወዳድሩ። አራተኛውን አውጡና ትንሽ ሠንጠረዥ ሥሩ። በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ጣሊያን፣ ስዊድንና ዴንማርክ ሦስቱም 5 ነጥብ ይዘው ነበር። ቡልጋሪያን አውጥታችሁ ስታዩት ሁሉም እርስ በርስ አቻ ናቸው፦ 0 ለ 0፣ 1 ለ 1፣ 2 ለ 2። ነጥብ እኩል፣ ልዩነት ዜሮ። የለየው ያገቡት ግብ ብዛት ነው። ስዊድን 3፣ ዴንማርክ 2፣ ጣሊያን 1። ጣሊያን ቡልጋሪያን በባከነ ሰዓት ግብ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ሳትሸነፍም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

«6 ነጥብ አላቸው፣ አልፈዋል»

አልፈው ይሆናል፤ ግን ቁጥሩ ብቻውን አያሳልፍም። በአራት ቡድን ምድብ ሦስት ቡድኖች 6፣ 6፣ 6 ሊሆኑ ይችላሉ። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ በሁለት ምድቦች ሆኗል፦ ናይጄሪያ፣ ቡልጋሪያና አርጀንቲና፤ ሆላንድ፣ ሳዑዲ አረቢያና ቤልጂየም። ያን ጊዜ ሦስተኞችም ስለሚያልፉ ማንም አልተጎዳም። እርግጠኛው ቁጥር 7 ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቺሊ በ1998 ሦስቴ አቻ ወጥታ በ3 ነጥብ ሁለተኛ ሆና አልፋለች። አንዱ ሁሉንም ካሸነፈና ሌሎቹ እርስ በርስ አቻ ከወጡማ በ2 ነጥብም ይታለፋል።

ከመጨረሻው ዙር በፊት የምሠራው ቀላል ነገር አለ። የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሦስት መልክ አለው። ሦስት ሲባዛ በሦስት፣ ዘጠኝ። ዘጠኝ መስመር ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደሚያልፍ አስፍሩ። ግብ የሚያስፈልግበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። ማታ ግቡ ሲዘንብ ያ ወረቀት ያድናችኋል።

«አምስተኛዋ ግብ ምን ይሠራል?»

በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ስፔን ኮስታሪካን 7 ለ 0 ስትደበድብ፣ «ኧረ አሁንስ በቃቸው» ያላለ ሰው አልነበረም። እኔም ብያለሁ። ከስምንት ቀን በኋላ ስፔንና ጀርመን 4፣ 4 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ስፔን 6 ትርፍ፣ ጀርመን 1 ትርፍ። ጀርመን የመጨረሻ ጨዋታዋን 4 ለ 2 አሸንፋ ሻንጣዋን ሸከፈች።

ያ ምሽት ሌላም ነገር አስተምሮኛል፤ አንድ ሜዳ ብቻ እያዩ ማውራት አይቻልም። በ70ኛው ደቂቃ ኮስታሪካ ጀርመንን 2 ለ 1 መምራት ጀመረች። በሌላው ሜዳ ጃፓን ስፔንን 2 ለ 1 እየመራች ነው። ስፔንም ጀርመንም ወጡ ማለት ነው! ጉድ ነው ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ጀርመን አስተካከለች። ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ በመጨረሻው ዙር «ወጣ» የሚለውን ቃል ፊሽካ ሳይነፋ አልጽፍም።

ሁለቱ ጨዋታዎች ለምን በአንድ ሰዓት ይደረጋሉ ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። መልሱ የስፔኗ ከተማ ሂሆን ናት፣ የ1982ቱ የዓለም ዋንጫ። አልጄሪያ ከአንድ ቀን በፊት ጨዋታዋን ጨርሳ ተቀመጠች። ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ስንት ለስንት ቢያልቅ ሁለቱም እንደሚያልፉ አውቀው ገቡ። በ10ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 ሆነ፣ ከዚያ ኳስ መቀባበል። አልጄሪያ ተሸኘች።

ሦስተኛ ስለሆኑት ቡድኖች

እዚህ ላይ ተናዛዥ ነኝ። በጃንዋሪ 2024 በአፍሪካ ዋንጫ አስተናጋጇ ኮትዲቯር በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ስትደቆስ «አስተናጋጇ ተሰናበተች» ብዬ ጻፍኩ። 3 ነጥብ፣ 3 የግብ ዕዳ፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ተዘርረው፤ ማን ያልፋል ይላል? አሠልጣኙም ተሰናበቱ። ግን ሌሎች ምድቦች ገና አላለቁም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሞሮኮ ዛምቢያን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ዛምቢያ በ2 ነጥብ ቀረች። ኮትዲቯር ከምርጥ ሦስተኞች አራተኛና የመጨረሻዋ ሆና ገባች። ከዚያ ዋንጫውን ወሰደች። ያንን ርዕስ እስከ ዛሬ እየላኩ ይስቁብኛል።

ሦስተኞች ሲወዳደሩ እርስ በርስ ውጤት የሚባል ነገር የለም፤ ተገናኝተው አያውቁማ። እዚህ ላይ ነው ነጥብ፣ የግብ ልዩነትና የግብ ብዛት የሚሠራው። በ2026 ከ12 ምድቦች 8 ሦስተኞች ያልፋሉ። ስለዚህ 4 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን አምስተኛዋን ግብ እንዳይገባበት ቢሟሟት አትሳቁበት።

ቢጫ ካርድ ጌጥ አይደለም

ጃፓንና ሴኔጋል፣ የ2018ቱ የዓለም ዋንጫ። ሁለቱም 4 ነጥብ፣ ሁለቱም 4 አግብተው 4 ገብቶባቸዋል፣ እርስ በርስ 2 ለ 2። ጃፓን 4 ቢጫ፣ ሴኔጋል 6 ቢጫ። አለቀ፤ ካርድ ያነሰባት ጃፓን አለፈች። ጃፓን በፖላንድ 1 ለ 0 እየተመራች የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ኳስ ወደ ኋላ እያንሸራሸረች ጨረሰች። ተመልካቹ ጮኸባት፤ ዘጠኙን መስመር ግን በደንብ ጽፋ ነበር የመጣችው።

ሌላው የካርድ ስህተት፣ ቅጣቱ መቼ እንደሚሰረዝ አለማወቅ ነው። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጀርመናዊው ሚካኤል ባላክ በ71ኛው ደቂቃ ቢጫ አየ፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ጀርመንን ለፍጻሜ ያበቃችውን ግብ አገባ። ፍጻሜውን ግን በቢጫ ብዛት ታግዶ አልተጫወተም። ከ2010 ጀምሮ በዓለም ዋንጫ ቢጫ ከሩብ ፍጻሜ በኋላ ይጠፋል። ሌላ ውድድር ሌላ ደንብ አለው፤ እዩት።

ጥሎ ማለፉ ላይ

«ከምድብ በኋላ ዕጣ መቼ ይወጣል?» አይወጣም። መንገዱ ከመጀመሪያው ተጽፏል። ሦስተኞች የት እንደሚገቡ ደግሞ የትኞቹ ምድቦች ሦስተኛ እንዳሳለፉ ታይቶ ደንቡ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ይነበባል። ባለ 24 ቡድን ውድድር ላይ 15 ዓይነት አማራጭ ነበረ፤ ለ2026 ግን 495። በጭንቅላት ልሥራው የሚል ካለ ከወዲሁ እርሙን ያውጣ።

አንደኛ መውጣት ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይሰጣል ማለትም አያዛልቅም። ፖርቹጋል በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ሦስቴ አቻ ወጥታ ከምድቧ ሦስተኛ ሆነች። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ሁሉም በጥሎ ማለፉ በወዲያኛው በኩል ተጠራቀሙ። እሷ ዋንጫውን ይዛ ሄደች።

«በተጨማሪ 30 ደቂቃ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል» የሚሉ ሰዎች እስካሁን አሉ። ወርቃማ ግብ ከቀረ ቆይቷል፤ አልቅሱለት ካላላችሁኝ። ለነገሩ በ1994 የካሪቢያን ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ያደረሰውን ታውቃላችሁ? ወርቃማ ግብ እንደ ሁለት ይቆጠር ነበር። ባርቤዶስ ለማለፍ ግሬናዳን በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፍ ነበረባት። 2 ለ 0 እየመራች በ83ኛው ደቂቃ አንድ ገባባት። በ87ኛው ተከላካዮቿ ወደ ራሳቸው መረብ አገቡ፣ ሆን ብለው! 2 ለ 2 ሆኖ ወደ ተጨማሪ 30 ደቂቃ እንዲሄድ። ግሬናዳ 3 ለ 2 ብትሸነፍም ስለምታልፍ በሁለቱም በኩል ግብ ፍለጋ ሮጠች፤ ባርቤዶስ ሁለቱንም ጎል ስትጠብቅ አመሸች። በመጨረሻም በወርቃማ ግብ 4 ለ 2 ተብሎ አለፈች። ደንቡን ያነበበ አለ እንግዲህ።

ቃላት ላይም ትንሽ ጥንቃቄ። «በጭማሪ ሰዓት አሸነፈ» ስትሉ 94ኛው ደቂቃ ይሁን 110ኛው አይታወቅም። አንዱን የባከነ ሰዓት፣ ሌላውን ተጨማሪ 30 ደቂቃ በሉት። ፍጹም ቅጣት ምትና ጨዋታው አቻ ሲያልቅ የሚመታው መለያ ምትም ለየቅል ናቸው፤ በመለያ ምት የገባ ግብ ለተጫዋቹ አይቆጠርም። የፈረንሳዩ ምባፔ በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ያገባው 8 ነው፤ በፍጻሜው መለያ ምት ያስቆጠራት ከ8ቱ ውስጥ የለችም። ጨዋታው ራሱም በመዝገብ አቻ ነው፦ 3 ለ 3፣ አርጀንቲና በመለያ ምት 4 ለ 2።

ያን ቀን አንድ አዲስ ልጅ «አርጀንቲና 7 ለ 5 አሸነፈች» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ሰረዝኩትና ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ድምሩ ግን ልክ ነው» አለኝ።

ልክ ነበር።