ተከታታይ ወረቀት ላይ ስታትሙ ባዶ ፎርም እንዳይባክን

እኛ ቡሬ የበቆሎ መረከቢያ ደረሰኝ በዶት ማትሪክስ ፕሪንተር (በመርፌ ሪባን እየመታ በሚያትመው) ተያይዞ በሚመጣ ተከታታይ ወረቀት ላይ ነው የምናትመው፣ በግዢ ሰሞን ገበሬው በር ላይ ተሰልፎ እያለ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ኋላ አንድ ባዶ ፎርም ተከትሎ ሲወጣ በጣም ያናድደኝ ነበር፣ ባለ 3 ኮፒ ወረቀት እኮ ውድ ነው።

መጀመሪያ የፎርሙን ርዝመት እወቁ። ማስመሪያ ከሌላችሁ ዳር ዳር ያሉትን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ግማሽ ኢንች ስለሆነ ከመቅደጃ (ወረቀቱ ከሚቀደድበት መስመር) እስከ መቅደጃ 11 ቀዳዳ ካለ ፎርሙ 5.5 ኢንች ነው። ኮምፒውተሩ 11 ኢንች ነው ብሎ ካሰበ ግን ሁለተኛውን ፎርም ባዶውን ይገፋዋል፣ የኛም ችግር ይሄው ነበር። ዊንዶውስ ላይ ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ በልኩ አዲስ ፎርም ፍጠሩ፣ ከዛ ፕሪንተሩም ላይ የምታትሙበት ፕሮግራምም ላይ እሱኑ ምረጡ፣ አንዱን ከረሳችሁ ያው ነው።

ለመቅደድ ብላችሁ ፎርም ፊድ የሚለውን ቁልፍ አትጫኑ፣ ሙሉ ፎርም ያስወጣል። ቲር ኦፍ የሚለውን ተጫኑ፣ መቅደጃውን ጫፍ ላይ ያመጣላችኋል፣ ቀጣዩን ስታትሙ ራሱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ትራክተሩ (ወረቀቱን በቀዳዳዎቹ ይዞ የሚያስኬደው የፕሪንተሩ ክፍል) ከላይ የሚስብ ከሆነ ግን ይሄ አይሰራም፣ የሚገፋው ቦታ ላይ አድርጉት። መስመሩ ትንሽ ከሸሸ ደሞ በእጅ እንዳታዞሩት አደራ፣ ፕሪንተሩ የወረቀቱን መነሻ ይስታል፣ ብዙዎቹ ኤፕሰኖች ላይ ፖዝ የሚለውን ቁልፍ 3 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ በላይን ፊድና በፎርም ፊድ ቁልፎች ትንሽ በትንሽ ታስተካክሉታላችሁ።