ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሬዲዮ፦ የጣቢያ አያያዝና የባትሪ አሞላል

መብራት ጠፍቶ የስልክ ኔትወርክም በተቋረጠ ጊዜ ዜና የሚያደርስልን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ነው። እጀታው ሲሽከረከር ወይም ፀሐይ ሲመታው የሚሞላውን ዓይነት የገዛ ሰው ካርቶኑን ዘግቶ ከማስቀመጡ በፊት፣ ሬዲዮው በቤቱ የትኛው ጥግ ላይ ጣቢያ እንደሚይዝና ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ መፈተን ይገባዋል።

ኤፍኤም የሚያዘው በሚመዘዘው አንቴና ነው። ተስማሚው ርዝመት የሞገዱ ርዝመት ሩብ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ኤፍኤም 97.1ን ለማዳመጥ 77 ሴንቲሜትር ያህል ይፈለጋል፤ የትናንሽ ሬዲዮዎች አንቴና አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያጥራልና እስከ ጫፉ መዘርጋት አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያና ብረት የበዛበት የኮንክሪት ግድግዳ ሞገዱን ስለሚከልሉ፣ ሬዲዮውን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ አንቴናውን አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ጋደም እያደረጉ ድምፁ የሚጠራበትን አቅጣጫ መፈለግ ያስፈልጋል። መካከለኛ ሞገድ ግን የሚያዘው በሬዲዮው ውስጥ ባለ፣ ሽቦ በተጠመጠመበት ዘንግ ስለሆነ አንቴናውን መምዘዝ አይጠቅመውም፤ መዞር ያለበት ሬዲዮው ራሱ ነው። አጭር ሞገድ ደግሞ በጥቅሉ ቀን ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ፣ ማታ ከዚያ በታች ይሻላል።

ሬዲዮው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሳለ የሚንጫጫ ከሆነ ጣቢያውን ከመውቀስ በፊት ቻርጀሩን ነቅሎ ማዳመጥ ይበጃል፤ ርካሽ ቻርጀሮችና አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ሞገዱን ይረብሻሉ።

ባትሪውን መሙላት የሚገባው መብራት ሳለ፣ በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ነው። በሬዲዮው ጀርባ ያለው መዳፍ የማያህል የፀሐይ ሰሌዳ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው፤ በክረምት ደመና ደግሞ ከቁጥር አይገባም። እጀታውን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ መያዝን እመክራለሁ፦ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ሳይሆን፣ ድምፁን ቀንሶ አንድ ዜና ለመስማት የሚበቃ ኃይል ለማግኘት ነው። በዝግታና በእኩል ፍጥነት ይዙር፤ ማጣደፍ የውስጥ ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል። ቤት ውስጥ አረጋውያን ካሉ እጀታውን በገዛ እጃቸው ቢሞክሩት መልካም ነው፤ ለጎልማሳ ቀላል የሆነው ለእነርሱ ሊከብድ ይችላልና።

የሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ላይነሣ ስለሚችል፣ በግማሽ ያህል ተሞልቶ ሙቀት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ፤ በየ3 ወሩም ይፈተሽ። ተራ ባትሪ ድንጋይ የሚጠቀም ሬዲዮ ከሆነ ድንጋዮቹን አውጥቶ ለብቻ ማኖር ያሻል፤ ውስጡ ከፈሰሱ የመገናኛውን ብረት ይበሉታልና። አሮጌውን ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ መክተትም አይገባም።

መብራት ከጠፋ በኋላ ሬዲዮውን ቀኑን ሙሉ መክፈት ባትሪ ማባከን ነው፤ በዜና ሰዓት 10 ደቂቃ ከፍቶ፣ ቢቻል በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ መዝጋት ይሻላል። አንዳንድ ዲጂታል ሬዲዮዎች ባትሪያቸው ሲያልቅ የተመዘገበላቸውን ጣቢያ ስለሚረሱ፣ የጣቢያዎቹን ቁጥር በወረቀት ጽፎ በሬዲዮው ጀርባ መለጠፍ ያስፈልጋል።