በሚኒሶታ ብርድ የሚሠራ አነስተኛ ትራክተር በተመጣጣኝ ዋጋ እንዴት እንደሚገዛ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ከከተማ ወጣ ብለው ጥቂት ኤከር መሬት የያዙ ቤተሰቦች፣ ከቤቱ ቀጥሎ የሚያሳስባቸው አነስተኛ ትራክተር መግዛት ነው። በሙቀቱ ወራት የጎመኑንና የቃሪያውን መደብ ያርሳል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ከቤት እስከ አውራ ጎዳናው ያለውን መንገድ ከበረዶ ያጸዳል። ይሁን እንጂ በሚኒሶታ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስባቸው ማለዳዎች ስላሉ፣ በርካሽ የተገዛ ትራክተር በእርግጥ ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው በጃንዋሪ ጠዋት ሲነሣ ነው።

እስከ 5 ኤከር ለሚደርስ ይዞታ ከ20 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ጉልበት ያላቸው አዳዲስ የናፍጣ ትራክተሮች በአሜሪካ የአየር ብክለት ደንብ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ይገጠምላቸዋል። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ሞተሩ በደንብ ሲግል ስለሆነ፣ ሃያ ደቂቃ በረዶ ጠርጎ ለሚጠፋ ትራክተር አይመችም። ከጃፓን አገልግለው የገቡ አሮጌ ትራክተሮችም በዋጋቸው ያማልላሉ፤ ነገር ግን የአንዳንዶቹ መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝም።

ያገለገለ ትራክተር ለማየት ቀጠሮ ሲይዙ፣ ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቅዎ አስቀድመው ይጠይቁ። ሲደርሱ ጓንትዎን አውልቀው መዳፍዎን የሞተሩ ጎን ላይ ያሳርፉ፤ ለብ ብሎ ካገኙት ሌላ ቀን ተመልሰው ይምጡ። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት በጁላይ ነበር፤ ቁልፉ ገና ሲዞር ተነሣ፣ ደስ ብሎኝም ከፈልኩ። ብርዱ ሲገባ ግን ሞተሪኖው እያቃሰተ ዞሮ ዝም ይል ጀመር፤ ሲፈተሽም ሞተሩን ከመነሣቱ በፊት ከውስጥ የሚያሞቁት የኤሌክትሪክ ዘንጎች በሙሉ ተቃጥለው ተገኙ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ጥቂት ነጭ ጭስ ቢያወጣ አያስጨንቅም፤ ሳይጠራ ከቆየና ሞተሩ እየተንገጫገጨ ከሠራ ግን የጤና አይደለም። በአንጻሩ በአግባቡ የተያዘ የናፍጣ ሞተር 1,500 ሰዓት ሠርቷል ተብሎ ሊናቅ አይገባም። የሞተሩን ውሃ በቤት ኤሌክትሪክ የሚያሞቀው መሣሪያ የተገጠመለት መሆኑንም ይጠይቁ፤ ብርድ በጠናበት ሌሊት ለጥቂት ሰዓት ሶኬት ላይ ሰክቶ ማቆየት ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ያድናል። በበጋ የተቀዳ ናፍጣ በብርድ ሰም መሰል ነገር እየሠራ ፊልትሮውን ስለሚዘጋ፣ በታንከሩ ውስጥ ያለውን ለክረምት በተዘጋጀ ናፍጣ መተካት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ጎንበስ ብለው የኋላ ጎማዎቹን ይመልከቱ። ክብደት እንዲጨምሩ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ይሞላባቸዋል፤ ውሃ እዚህ ስለሚረጋ ለዘመናት ሲሞላ የኖረው የካልሲየም ክሎራይድ ጨው ውህድ ነው። ይህ ጨው ካፈሰሰ ቸርኬውን ይበላዋል፤ ስለዚህ በማስነፊያው ዙሪያ ዝገት ወይም ነጭ ቅርፊት ካዩ የቸርኬውን ዋጋ ከሚከፍሉት ላይ ያስቀንሱ።

ከኋላ የሚገጠም የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ከፊት ከሚገጠመው ይረክሳል፤ አንገትን ወደ ኋላ አዙሮ መሥራትን ግን ይጠይቃል። ከፊት ተገጥሞ አፈርና በረዶ የሚዝቀው ባልዲና መጥረጊያው ከትራክተሩ ጋር አብረው ሲሸጡ ለየብቻ ከመግዛት ብዙውን ጊዜ ያዋጣል። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ፈላጊው ስለሚበዛ፣ በረዶው ከቀለጠ በኋላ በሚካሄዱ የገበሬ ጨረታዎች ላይ መፈለግ ይሻላል። አዲስ ለመግዛት ያለ ወለድ ብድር ሲቀርብልዎ በጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የወለዱ ዋጋ ብዙ ጊዜ በሁለቱ ዋጋዎች ልዩነት ውስጥ ተደብቋል። ለሽያጭ ለሚያመርቱ ደግሞ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አለው።

የእርሻ ትራክተር እንደ መኪና የባለቤትነት ደብተር ስለሌለው ዕዳው በወረቀቱ ላይ አይታይም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የሻጩ ስም በዕዳ መያዣ መዝገብ ውስጥ መኖሩን ከግዛቲቱ ዋና ጸሐፊ ቢሮ ያጣሩ፤ በሽያጭ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ተከታታይ ቁጥርም ትራክተሩ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዐይንዎ ያረጋግጡ።